የውኃ አባቱና የፀሐይ ፓምፑ

ያን ቀን ከቤት የወጣሁት ምላጭ ልገዛ ነበር። ምላጩንም ሳልገዛ፣ ምሳዬንም ሳልበላ ዋልሁ። መንገድ ላይ ክርክር አጋጠመኝ፤ ጡረታ የወጣ መምህር ደግሞ ክርክር ሰምቶ ማለፍ አይሆንለትም። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን ስለምታውቅ የት ዋልህ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። አንባቢዬም እንደ እሷ ይታገሠኝና የሰማሁትን ልንገረው፤ ነገሩ ከአንድ የቆመ መኪና ተነሥቶ የመንደራችንን ዕጣ እስከ መለወጥ የደረሰ ነውና።

እኛ የሙዘይራ ሰዎች በተራራ ግርጌ ከተምር ዛፎቻችን ጋር እንኖራለን። ውኃችን ከተራራው ሆድ ተነሥቶ አያቶቻችን በእጃቸው በቆፈሩት የምድር ውስጥ ቦይ ይመጣል፤ ፈለጅ እንለዋለን። ቀን ቀን የውኃ ተራ የሚለየው በጥላ ነው። በመስጊዱ ፊት ለፊት አንድ ዘንግ ተተክሏል፤ ዙሪያውን ድንጋዮች አሉ፤ የዘንጉ ጥላ ከአንዱ ድንጋይ ተነሥቶ ሌላው ላይ ሲደርስ የአንዱ አትክልት ቦታ ይዘጋና የሌላው ይከፈታል። ጥላውን የሚያነቡት ሽማግሌው ሙሐና ናቸው፤ የውኃ አባታችን። ሚኒስትር ቢመጣ ዓይናቸውን ከጥላው ላይ አያነሡም።

ያን ቀን ግን ጥላውን ትተው የአንድ ነጭ ፒክአፕ መኪና ኮፈን በከዘራቸው ይደበድቡ ነበር። መኪናው በፀሐይዋና በዘንጉ መካከል ቆሞ ድንጋዮቹን በሙሉ በራሱ ጥላ ሸፍኗቸዋል።

«የዚህ ባለቤት ሞቷል ወይስ ተኝቷል?» ይላሉ።

ከመንደሩ በታች ካለው አሮጌ ጉድጓድ በኩል አንዲት ወጣት እየሮጠች መጣች። ረያ ናት፤ የአንጥረኛው የሰዒድ ልጅ፣ የቀድሞ ተማሪዬ። ከዓባያዋ ሥር የሥራ ጫማ ተጫምታለች፤ በእጇ የመለኪያ ገመድ ይዛለች። ከኢብሪ ከተማ ወዲያ ባለው ትልቁ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ከተቀጠረች ወዲህ ወደ መንደር የምትመጣው ለዕረፍት ብቻ ነበር።

«ይቅርታ አጎቴ፣ የኔ ነው። አሁን አነሣዋለሁ።»

«አሁንማ ምን ይጠቅመኛል? የዛሂር ተራ አልቆ ይሁን ገና ይሁን በምን ልወቀው? ብዙ ዓይነት የውኃ ሌባ አይቻለሁ፤ የጥላ ሌባ ግን አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።»

«ሰዓቱን ከስልኬ አይቼ ልንገርዎት?»

«ስልክሽ ዛሂርን ያውቀዋል?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ያስተማርካት አንተ አይደለህ? ጥላ በየት በኩል እንደሚወድቅ አልነገርካትም?»

«ጂኦግራፊ ነው ያስተማርኳት፤ መኪና ማቆም በኔ ክፍለ ጊዜ አልነበረም» አልኋቸው።

ረያ መኪናዋን አራቀች፤ ሙሐናም ለዛሂር ትንሽ ትርፍ ውኃ ፈቀዱለትና ነገሩ በሳቅ ያለፈ መሰለ። እሳቸው ግን በእጇ የያዘችውን ገመድ ልብ ብለውታል።

«ከዚያ አሮጌ ጉድጓድ ምን ጠፋብሽ?»

«እየለካሁት ነው፣ አጎቴ። ወጣቶቹ ጠይቀውኛል። የሶላር ፓምፕ ብንተክልበት የታችኛውን ሰፈር አትክልት ያጠጣ እንደሆነ ለማየት ነው።»

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቀልድ ጠፋ። ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ፣ መንደሩም ሁሉ ያውቀዋል። ዝናብ ከራቀን ዓመታት አልፈዋል፤ ፈለጃችን ሳስቷል። ውኃው ሁሉን ማዳረስ ሲያቅተው፣ የቀረው እንዲተርፍ የትኞቹ የአትክልት ቦታዎች ከውኃ እንደሚቆረጡ የውኃ አባት ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሕዝብ ፊት ስም ይጠራል። ያ ጁምዓ እየመጣ ነበር። የሚቆረጠው የታችኛው ሰፈር እንደሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠራውም የዘዊና ስም እንደሆነ ሁሉም ያንሾካሹካል። ዘዊና ባሏ የሞተባት፣ ከተምሮቿ በቀር ሌላ መተዳደሪያ የሌላት የሙሐና ታናሽ እህት ናት። «ከእህቴ ካልጀመርኩ ማን ያምነኛል?» ብለዋል አሉ። እሷም ይህ ወሬ ከደረሳት ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሥታቸዋለች። እንዲህ ያለውን ፍርድ ለማንም አልመኝም።

«ገበላ የምትባለውን መንደር ታውቂያታለሽ?» አሏት ቆይተው።

«በስም ነው የማውቃት፣ አጎቴ።»

«በስም ብቻ ነው የቀረችው። ፈለጃቸው ከኛ ይበልጥ ነበር። አንድ ሀብታም በናፍጣ የሚሠራ ፓምፕ አመጣ። ጎረቤቱ ቀናና እሱም አመጣ። ከዚያ ማን ቀረ? ሞተሩ ሌት ተቀን ሲያጓራ እዚህ ድረስ ይሰማን ነበር። አንድ በጋ ላይ ጸጥ አለ። ናፍጣ ያለቀባቸው መስሎን ነበር፤ ያለቀው ውኃው ነው። ጉድጓዱም ደረቀ፣ ፈለጁም ደረቀ። የመጨረሻዎቹ ሰዎች ዕቃቸውን ሲጭኑ አብሬ ጭኛለሁ። አንዷ ሴትዮ የአትክልት ቦታዋን በር ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ሄደች። ለምን እንደቆለፈችው እስከ ዛሬ አላውቅም።»

«እውነትዎን ነው። የናፍጣውና የኔው ግን አንድ አይደሉም።»

«ያንቺውማ ባሰ! ናፍጣ ይገዛል፤ የሚገዛ ሰው ኪሱ ሲያመው አንዳንዴ ያጠፋዋል። ፀሐይ ግን በነፃ ናት። በነፃ የመጣን ነገር በቃህ የሚለው ማን ነው?»

እኔ ከማንም በፊት ለአዲስ ነገር የማጨበጭብ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን እጄን ሰበሰብሁ። ሽማግሌዎችን ኋላ ቀር ብለን ለማለፍ የምንቸኩል ሰዎች አንዳንዴ ቆም ብለን ብንሰማ አይጎዳንም። ረያም አልቸኮለችም። ገመዷን ቀስ ብላ እየጠቀለለች አሰበች።

«ማታው በቃህ ይለዋል» አለች።

«ማን?»

«ማታው። ፀሐይ ስትጠልቅ ፓምፑ ይቆማል።»

«ባትሪ የሚሉት ነገርስ? የልጅ ልጄ መጫወቻ እንኳ ባትሪ አለው።»

ሳቀች። «አለ፤ አልዋሽዎትም። በንድፌም ውስጥ አስገብቼው ነበር፤ ለምሽት እንዲሆን ብዬ።»

«እንግዲያው?»

«እንግዲያውማ እርስዎ ያስፈልጋሉ።»

«አታቆላምጪኝ።»

«አላቆላመጥኩም። ማሽን ውኃ ማውጣት ነው የሚያውቀው። ለማን፣ እስከ መቼ፣ እስከ ምን ድረስ የሚለውን አያውቅም። ገበላ ፓምፕ ነበራት፤ የውኃ አባት ግን አልነበራትም። ሁሉም ለየራሱ ነበር። አጎቴ፣ ነገ ወደ ሥራ ስመለስ አብረውኝ ይምጡና የምሠራበትን ይዩልኝ።»

«ያላየሁት ፀሐይ አለ?»

ምላጬን እርግፍ አድርጌ የተውሁት እዚህ ላይ ነው። «ሸይኽ ሙሐና፣ ሁለት ሰዎች በውኃ ሲጣሉ እርስዎ ቦዩን በእግርዎ ሳይሄዱበት ፈርደው ያውቃሉ?» አልኋቸው።

«አላውቅም።»

«ታዲያ ይህንንስ ሳያዩ እንዴት ይፈርዳሉ?»

«አንተን ጡረታ ያወጣህ ሰው ተሳስቷል» አሉና ተነሡ። መስማማታቸው መሆኑ ነው።

በማግሥቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተነሣን። ረያ ትነዳለች፤ ሙሐና ዲሽዳሻ የሚባለውን ንጹሕ ረጅም ቀሚሳቸውንና ጥልፍ ኮፍያቸውን አድርገው ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ከገመዱና ከመሣሪያው ሳጥን ጋር ተዳብያለሁ። ሽማግሌው መንገዱን ሁሉ ሲተቹ ሄዱ፤ መኪናው ፈጠነ፣ ነፋሱ በዛ፣ የዘንድሮ ግመሎች ከስተዋል እያሉ። ሜዳው ጋ ስንደርስ ግን ከመቀመጫቸው ወደ ፊት አጎነበሱ።

ያን ሜዳ በልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ አንድ ሁለት ግራርና ጥቂት ፍየሎች ነበሩበት፤ ሌላው ባዶ ጠጠር ነው። አሁን ከእግራችን ሥር እስከ ሰማዩ ጠርዝ ድረስ ሶላር ሰሌዳ በረድፍ በረድፍ ተዘርግቷል። ሰሌዳዎቹ በብረት እግሮቻቸው ላይ ጠፍጣፋ ተኝተው ነበር። ፀሐይ ከኮረብታው ጫፍ ብቅ አለች። ትንሽ ቆይቶ ከሜዳው ውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማና ሰሌዳዎቹ በሙሉ፣ ሩቅ ያሉትም ቅርብ ያሉትም፣ በዝግታ ወደ ምሥራቅ ማዘንበል ጀመሩ።

ሙሐና ከመኪናው ወርደው ቆሙ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ይህችን ፀሐይ በአንድ ዘንግ ሲከተሏት የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን አንድ ሙሉ ሜዳ አብሯቸው ሲከተላት አዩ።

«ማን ጠራቸው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ማንም አልጠራቸውም። የፀሐይዋ መንገድ የተነገራቸው ናቸው» አለች ረያ።

«ሱብሐነላህ» አሉ። ደግመውም አሉት። እኔም ስንት ዓመት ለተማሪዎች ምድር ስትዞር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ ስዬ፣ የሰው ሥራና የሰማይ ሥራ እንዲህ አብረው ሲሄዱ በዓይኔ ያየሁት ያን ጠዋት ነው። አልደብቅም፤ አለቀስሁ።

ከዚያ አውቶቡሶች መጡና ሠራተኞቹ መውረድ ጀመሩ። ሙሐና ከሰሌዳዎቹ ይልቅ ሰዎቹን በጥሞና ያዩ ጀመር። ከባንግላዴሽ የመጡ ሰዎች ብሎን ሊያጠብቁ መፍቻቸውን ይዘው ገቡ። ከኒዝዋ የመጣች አንዲት ልጅ የየረድፉን ኃይል በስክሪን ወደምትከታተልበት ክፍል ሄደች። አንድ ብሩሽ ያለው ማሽን በሰሌዳዎቹ ላይ እየተንሸራተተ ያለ ውኃ አቧራ ይጠርጋል፤ ከኋላው አንድ ሰው ጆሮውን አቁሞ ይከተለዋል። የፈረቃው ኃላፊ ነስር የሚባል ጎልማሳ ነው፤ መጥቶ በአክብሮት ሰላም አለን።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት ሙሐና።

«የማሲራ ደሴት ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ አባባ፤ እኔም ዓሣ አጥማጅ ነበርሁ።»

«ዓሣ አጥማጅ በረሃ ላይ ምን ያጠምዳል?»

«ፀሐይ።»

«አታመልጥህም?»

«አቧራ ሲነሣ ታመልጠኛለች። ለዚህ ነው ያንን ሰውዬ ከማሽኑ ኋላ የማስሮጠው፤ ማሽኑ ሲያነክስ ከኔ በፊት የሚሰማው እሱ ነው።»

«ይህን ሁሉ የተከላችሁት እናንተ ናችሁ?»

«ሲተከል ሜዳው በሰው ጢም ብሎ ነበር። ቆፋሪው፣ ብረት ተካዩ፣ ሽቦ ዘርጊው፣ ወጥ ቤቱ፣ ሹፌሩ። አሁን ለጥገና የቀረነው ጥቂት ነን።»

«የቀሩትስ ሥራ ፈቱ?»

«ብዙዎቹ ሌላ ሜዳ ሄደዋል፤ በየቦታው እየተተከለ ነው። ቤታቸው የገቡም አሉ፣ አልዋሽዎትም። ሥራ ጠፍቶ ግን አይደለም። በየመንደሩ ስንት ጉድጓድ፣ ስንት ክሊኒክ፣ ስንት ትምህርት ቤት አለ? ትንሽ ትንሽ ሥራ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ግን እዚያ የለም።»

ሙሐና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በሐሳባቸው ሲያመላልሱት የቆዩትን ጥያቄ አወጡ። «ከመግሪብ በኋላ ምን ትሠራላችሁ?»

«እኛ ወደ ቤት እንሄዳለን። እነሱም ጠፍጣፋ ሆነው ይተኛሉ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም አባባ። ሌሊት አንዲት ጠብታ ኃይል አይወጣቸውም።»

ሽማግሌው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ብቻቸውን ቆሙ። ሲመለሱ ንግግራቸው ለረያ ነበር።

«ገበላን የገደላት ሌሊቱ ነው» አሉ። «ቀን የወሰዱበትን ጉድጓዱ ሌሊት ሊተካ ሲል፣ ሌሊትም ወሰዱበት። እንቅልፍ የነሡት እንስሳ ይሞታል፤ ጉድጓድም እንደዚያው ነው። ይህ ያንቺው ነገር ግን ወደደም ጠላም ይተኛል። እንዲህ ያለ ሞተር መኖሩን አላውቅም ነበር።»

«እኔም እንዲህ አስቤው አላውቅም» አለች ረያ። እውነቷን ነበር። ባትሪውን ጥሩ ነገር መስሏት ነው በንድፏ ያስገባችው፤ ያን ዕለት በስልኳ ላይ ያለውን ንድፍ ከፍታ በሽማግሌው ፊት ሰረዘችው። የተማረ ሰው ከማየት ይልቅ የተማረ ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ማየት ደስ ይለኛል።

ረያ ከሥራዋ ወጥታ ስትመልሰን ሙሐና ስለ ግመልም ስለ ነፋስም አላነሡም፤ መንገዱን ሁሉ ሕግ ሲያወጡ መጡ።

«ፓምፑ የማንም አይሆንም፤ የፈለጁ ነው። ውኃው እንደ ሌላው ውኃ በጥላው ይከፋፈላል፤ ሀብታምም ድኻም። ባትሪ የሚባል ነገር ሙዘይራ አይገባም። በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ውኃው ከሱ በታች ሲወርድ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እዚያው ላይ መቆጣጠሪያ አስራለሁ፤ ከድንጋዩ በታች ከወረደ ፓምፑ ራሱ ይጠፋል።»

«የላይኛው ፈለጅ ከቀነሰብኝስ?»

«እርስዎ ያጠፉታል። ማጥፊያውን አሳይዎታለሁ።»

«ለኔ ብቻ አታሳዪ። ለመንደሩ ልጆችም አስተምሪ፣ ለብዙዎቹ። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር የዚያ ሰው ንብረት ይሆናል።»

«እሺ አጎቴ። እኔም አንድ ሕግ አለኝ፤ ሰሌዳዎቹ በፈለጁ ውኃ አይታጠቡም። ኖራ ይተውባቸውና ያጨልማቸዋል። በማለዳ በደረቅ ጨርቅ ነው የሚወለወሉት።»

«አሁን ደግሞ ውኃችንን ሰደብሽ» አሉ፤ ግን እየሳቁ ነበር።

ጁምዓ ደረሰ። ከሶላት በኋላ ሕዝቡ በመስጊዱ አጥር ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ሴቶቹ በቦዩ ወዲያ ማዶ ተቀመጡ፤ ዘዊናም ሻሿን እስከ ግንባሯ ስባ ከመካከላቸው ነበረች። ሙሐና ተነሥተው ቆሙ።

«ዛሬ ስም አልጠራም» አሉ።

ከኋላ አንዱ፣ «ፓምፕ ሊያስተክሉ ነው አሉ። የፓምፕ ጠላት አልነበሩም እንዴ?» አላቸው።

«ነበርኩ። የናፍጣው ጠላት ነገም ነኝ። ይህኛው ግን ቀን ይሠራል፣ ሌሊት ይተኛል፣ ድንጋዩን አያልፍም። ሄጄ አይቼዋለሁ። ለዘንድሮ እንሞክረው። ፈለጁ በአንድ ጣት ቢቀንስ በገዛ እጄ አጠፋዋለሁ፤ ከዚያም በሚቀጥለው ጁምዓ እዚሁ ቆሜ ስም እጠራለሁ፤ ከማን እንደምጀምርም ታውቃላችሁ።»

ዘዊና ሻሿን ይበልጥ ወደ ታች ሳበች።

ሥራው በሚቀጥሉት ሳምንታት ተሠራ። ወጣቶቹ ቆፈሩ፣ ብረት ተከሉ፤ ረያ በዕረፍቷ ቀን እየመጣች ሽቦ አያያዝ አስተማረቻቸው፤ ሲሳሳቱ ፈታ እንደ ገና ታሠራቸዋለች። ሙሐና ወንበር አስመጥተው በየቀኑ አጠገባቸው እየተቀመጡ ሁሉንም ይነተርካሉ፤ ማጥፊያውንም ከሁሉ በፊት የተማሩት እሳቸው ናቸው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚህ የተገኘውን ጥቅም ሳልናገር ባልፍ መምህርነቴን እክዳለሁ። ከፈለጁ ውኃ ምንም አልጎደለም፤ ጉድጓዱም ቀን የተወሰደበትን ሌሊት እየተካ ጠዋት ሞልቶ ይጠብቀናል። የታችኛው ሰፈር ተምሮች ዳግም አረንጓዴ ሆነዋል፤ ከሥራቸውም ሽንኩርትና የከብት ሣር ይበቅላል። ሙስካት ውስጥ በር ሲጠብቁ የነበሩ ልጆቻችን ተመልሰው ይህንኑ ሙያ ይዘዋል፤ ጎረቤት መንደሮች ፓምፕ ሲያስተክሉ የሚጠሩት እነሱን ነው፤ የተጠሩበት መንደር የውኃ አባት ከሌለው ደግሞ መጀመሪያ አንድ ምረጡ ይላሉ። ይህን ማን እንዳስተማራቸው መናገር አያስፈልገኝም። አዲስ ነገር የሚያምረው አሮጌውን ሥርዐት አክብሮ ሲገባ ነው፤ አሮጌውም ሥርዐት የሚኖረው በሩን ለአዲሱ ሲከፍት ነው። ይህን እኔ በመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በመንደሬ አየሁት።

የቀረኝ የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ፓምፑ ሲነሣ ድምፁ ከንብ ድምፅ አይበልጥም ነበር። ውኃው በደረቁ ቦይ አቧራና ቅጠል እየገፋ ወደ ታች ሲወርድ ሙሐና በከዘራቸው መንገድ እየጠረጉለት አጠገቡ ይሄዱ ነበር፤ እኔም ተከተልሁ። ውኃው በዘዊና አጥር ሥር ሾልኮ ገባ። እሳቸው ግን በሩ ላይ ቆሙ።

ዘዊና ዶማዋን ይዛ ከመጀመሪያው ተምር ሥር አፈሩን ከፈተችለት። ግንዱ ዙሪያ ውኃ እስኪሞላ ቀና አላለችም።

«አትገባም?» አለች ፊቷን ሳትመልስ።

«ካልተጠራሁ?»

«ይኼ ማንም ሳይጠራው ነው የገባው።» ዶማዋን አስደግፋ አሁን አየቻቸው። «ማን አመጣው? አንተ ነህ?»

«እኔ አይደለሁም። ፀሐይ ናት።»

«ፀሐይማ ድሮም ነበረች።»

ከወዲያ ማዶ ወጣቶቹ ሰሌዳውን ከበው ይታያሉ፤ ረያ ከመካከላቸው ሆና አንዱን ሽቦ እያሳየች ትቆጣለች። ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ እነሱ አመለከቱ።

«ልክ ነሽ፤ እሷ ነበረች» አሏት። «ሰው ነው ያልነበረው።»

ጫማቸውን አወለቁና ውኃውን ተከትለው ገቡ።